«ከዝን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ትርጉምና አገባብ ለቻይናውያን ተማሪዎች

መግቢያ

የባዕድ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው የሚያስቸግረው ረዥሙና እንግዳው ቃል ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም፣ በተማሪው ቋንቋ ውስጥ የሚተካከለው ቃል ካለ አጥንቶ ሊይዘው ይችላል። ይልቁንስ ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው አጭርና ተራ የሆነው ቃል ነው፤ ይኸውም የተማሪው ቋንቋ በብዙ ስሞች ለያይቶ የሚጠራውን ነገር የባዕዱ ቋንቋ በአንድ ስም ጠቅልሎ ሲጠራው ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው የሚቸገረው አዲስ ነገር በማወቅ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ነገር ሳይናገር በመተው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የመረጥነው «ከዝን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አንድ ሲሆን በቻይንኛ ስምንት ቃላት ይተካከሉታል። የቻይና የትምህርት ሚኒስቴር በ2001 ባወጣው መመሪያ እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፣ ይህን ቃል ገና በልጅነታቸው የሚያገኙት ተማሪዎች ቍጥር እጅግ ብዙ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችም በዚህ ነገር ከሁለቱ መካከል የቆምን ስለ ሆንን፣ የሁለቱንም ወገን አነጋገር ለማየት ይመቸናል። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩. ቃሉ በእንግሊዝኛ ያለው ትርጉም

«ከዝን» በዛሬው ተራ አነጋገር የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማለት ነው። አጎትየው የአባት ወንድም ይሁን የእናት ወንድም፣ አክስቲቱም የአባት እኅት ትሁን የእናት እኅት፣ ልጁም ወንድ ይሁን ሴት፣ በዕድሜም ከተናጋሪው ይብለጥ ወይም ይነስ፣ ቃሉ አይለወጥም። እንግሊዞች የዝምድናውን ርቀት መለየት ሲፈልጉ ቍጥር ይጨምሩበታል። የሁለት ወንድማማች ወይም እኅትማማች ልጆች እርስ በርሳቸው «ፈርስት ከዝን» ይባላሉ። የእነዚህ ልጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው «ሰከንድ ከዝን» ናቸው። ሁለቱ ዘመዶች በአንድ ትውልድ የሚራራቁ እንደ ሆነ «ዋንስ ሪሙቭድ» የሚል ሐረግ ይጨመራል፤ ለምሳሌ የአባቴ የአጎት ልጅ ለእኔ «ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ» ይሆናል። ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ሁሉ ይቀርና «ከዝን» የሚለው ብቻ ይነገራል።

ቃሉ ሲፈጠር እንዲህ ሰፊ አልነበረም። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፤ ፈረንሳይኛም ያገኘው «ኮንሶብሪኑስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በዚህ ቃል ውስጥ «ሶሮር» ማለትም «እኅት» የሚለው ቃል ስላለበት፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ የእናት እኅት ልጅ ማለት ነበር። የጥንት ሮማውያን ለአባት ወንድም ልጅ «ፓትሩኤሊስ»፣ ለአባት እኅት ልጅ ደግሞ «አሚቲኑስ» የሚሉ ልዩ ልዩ ስሞች ነበሯቸው። በኋላ ግን ልዩነቱ እየተረሳ ሄዶ አንዱ ቃል ሁሉንም ዋጣቸው።

በእንግሊዝ አገርም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ የአባትን ወንድምና የእናትን ወንድም በሁለት ቃላት ይለይ ነበር። ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት እየበዙ ሲሄዱ ሁለቱም በ«አንክል» ተተኩ። «ከዝን»ም በዚያ ዘመን ለማንኛውም የሥጋ ዘመድ ይነገር ነበር። በሼክስፒር «ሐምሌት» ንጉሡ ክላውዲዮስ የወንድሙን ልጅ ሐምሌትን «ከዝን» ብሎ ይጠራዋል። የእንግሊዝ ነገሥታትም ለመሳፍንቶቻቸው ሲጽፉ፣ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው እንኳ፣ በዚሁ ስም ይጠሯቸው ነበር። እንግዲህ የቃሉ ታሪክ ከጠባብ ወደ ሰፊ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ዛሬው መካከለኛ ትርጉም የተጓዘ ነው።

፪. ቻይንኛ ይህንኑ ዝምድና እንዴት እንደሚጠራ

ቻይናውያን የዝምድናን ስም በጥንቃቄ የሚይዙ ሕዝብ ናቸው። «አርያ» የተባለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት መዘጋጀት የጀመረው ጥንታዊ መዝገበ ቃላታቸው፣ የዘመድ ስሞችን ብቻ የሚተረጕም አንድ ክፍል አለው። አሜሪካዊው ሊቅ ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋንም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የዝምድና ስሞች አወዳድሮ በ1871 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ የቻይንኛውን አስገብቶታል።

ቻይናዊው የአጎቱን ወይም የአክስቱን ልጅ ለመጥራት አስቀድሞ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት አለበት። አንደኛው፣ ዝምድናው በአባት ወንድም በኩል ነው ወይስ በሌላ? ሁለተኛው፣ የሚጠራው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ሦስተኛው፣ ከእኔ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሦስቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መልስ ስላላቸው፣ በጠቅላላው ስምንት ስሞች ይገኛሉ። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

በአባት ወንድም በኩል፦ ታንግ ገ (ወንድ፣ የሚበልጥ)፤ ታንግ ዲ (ወንድ፣ የሚያንስ)፤ ታንግ ጅዬ (ሴት፣ የምትበልጥ)፤ ታንግ ሜይ (ሴት፣ የምታንስ)።

በአባት እኅት፣ በእናት ወንድምና በእናት እኅት በኩል፦ ቢያው ገ (ወንድ፣ የሚበልጥ)፤ ቢያው ዲ (ወንድ፣ የሚያንስ)፤ ቢያው ጅዬ (ሴት፣ የምትበልጥ)፤ ቢያው ሜይ (ሴት፣ የምታንስ)።

«ታንግ» ማለት አዳራሽ ማለት ነው፤ በአንድ የአባቶች አዳራሽ ሥር የሚኖሩ፣ አንድ የቤተ ሰብ ስም የሚጠሩ ዘመዶች ናቸው። «ቢያው» ግን ውጭ ወይም የነገሩ ውጫዊ ገጽ ማለት ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ልዩነቱ በአባት ወገንና በእናት ወገን መካከል ብቻ አይደለም። የአባት እኅት ልጆችም «ቢያው» ናቸው፤ ምክንያቱም አክስቲቱ አግብታ ወደ ሌላ ቤት ስለ ሄደች ልጆቿ የሚጠሩት በባሏ ቤተ ሰብ ስም ነው። ስለዚህ መለያው የቤተ ሰብ ስም ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ልዩነት የአነጋገር ጌጥ ብቻ አልነበረም። በቀድሞው የቻይና ሥርዓት የኀዘን ልብስ የሚለበስበት ጊዜ በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነበር። ለአባት ወንድም ልጅ የሚለበሰው ኀዘን 9 ወር ሲሆን፣ «ቢያው» ለሚባሉት ግን 3 ወር ብቻ ነበር። በጋብቻም በኩል «ታንግ» የተባሉት አንድ ስም ስላላቸው መጋባታቸው ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ «ቢያው» የተባሉት መጋባት ግን በብዙ ቦታ የተለመደና እንዲያውም የሚወደድ ነበር። እንግዲህ አንድ ቻይናዊ «ቢያው ሜይ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዘመዱ ማን እንደ ሆነች ብቻ ሳይሆን፣ ስትሞት ስንት ወር እንደሚያዝንላትና ሊያገባት ይችል እንደ ሆነም አብሮ ይሰማ ነበር። «ከዝን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም።

፫. ተማሪዎቹ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ልዩነት የሚመነጩትን ስሕተቶች በአምስት ከፍለን እንመለከታለን።

አንደኛ፣ ብዙ ተማሪዎች «ከዝን» ማለት ሲገባቸው «ብራዘር» ወይም «ሲስተር» ይላሉ። ከላይ ያሉትን ስሞች መለስ ብሎ የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል፤ «ገ» ማለት ታላቅ ወንድም፣ «ሜይ» ማለት ታናሽ እኅት ነውና፣ ስሞቹ ሁሉ በወንድምና በእኅት ስም ላይ የተሠሩ ናቸው። በቤት ውስጥም «ቢያው» የሚለው ቀርቶ «ገገ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በጨዋታ መካከል ይህ ብዙ ጕዳት የለውም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ቅጽ ሲሞላ የአጎቱን ልጅ «ብራዘር» ብሎ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋራ ሲመሳከር ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ሰውየው በልቡ እውነት ተናግሮ ሳለ በቋንቋው ምክንያት ዋሾ ይባላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጾታን ይመለከታል። «ከዝን» ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ስለማይገልጽ፣ እንግሊዞች ይህን የሚያስታውቁት ቀጥሎ በሚመጣው ተውላጠ ስም ነው፤ ለወንድ «ሂ»፣ ለሴት «ሺ» ይላሉ። በቻይንኛ ንግግር ግን ለሁለቱም የሚነገረው ተውላጠ ስም «ታ» ብቻ ነው። ለሴት የሚሆን ልዩ የጽሕፈት ምልክት በ1920 ገደማ በሊዩ ባንኖንግና በጓደኞቹ ጥረት ተለምዷል፤ ይሁን እንጂ ድምፁ አልተለወጠም። ስለዚህ ቻይናዊው ተማሪ እንግሊዝኛ ሲናገር «ሂ» እና «ሺ» ይቀላቀሉበታል። በራሱ ቋንቋ ጾታን የሚናገርለት ስሙ ስለ ነበረ ተውላጠ ስሙ ዝም ቢል ችግር አልነበረበትም። በእንግሊዝኛ ግን ስሙ ዝም ይላል፤ ተውላጠ ስሙም በስሕተት ከተነገረ ሰሚው ስለ ወንድ ይሁን ስለ ሴት እንደሚነገረው ማወቅ አይችልም።

ሦስተኛው አጠራርን ይመለከታል። በቻይና ታናሹ ታላቁን በስሙ አይጠራም፤ «ቢያው ጅዬ» ብሎ በዝምድናዋ ይጠራታል። በእንግሊዝኛ ግን ዛሬ «ከዝን» ማስታወቂያ እንጂ መጥሪያ አይደለም። ስለ እርስዋ ለሌላ ሰው ሲናገሩ «ማይ ከዝን ሜሪ» ይላሉ፤ እርስዋን ራስዋን ግን «ሜሪ» ብቻ ብለው ይጠሯታል። ተማሪው ደብዳቤ ሲጽፍ «ውድ ከዝን» ብሎ ቢጀምር ለእንግሊዙ አንባቢ የድሮ መጽሐፍ የሚያነብ ይመስለዋል። በሌላ በኩልም ታላቅ ዘመዱን በስሙ ብቻ መጥራት ለተማሪው ድፍረት ይመስለዋል። ታላቁን «ጋሼ» ታላቋን «እትዬ» ብሎ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ስሜት ሊገባው አያዳግትም።

አራተኛው ሰዋስው ነው። «ከዝን» የሚቈጠር ስም ስለ ሆነ በነጠላ ሲነገር ብቻውን አይቆምም፤ ወይ «ኤ» የሚለውን ወይም «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «ሄር» ከሚሉት የባለቤትነት ቃላት አንዱን ከፊቱ ይፈልጋል። ከአንድ ሲበዛም በመጨረሻው ላይ የብዙ ቍጥር ምልክት ይጨመርበታል። በቻይንኛ እንዲህ ያለ ምልክት የግድ አይደለም፤ «ሦስት» ካሉ በኋላ መቍጠሪያውን «ገ» የሚለውን ቃል ጨምረው ስሙን ሳይለውጡ ይናገራሉ። በዚህ ምክንያት «ሂ ኢዝ ከዝን»፣ «ስሪ ከዝን» የሚሉ የተጓደሉ አነጋገሮች ይሰማሉ።

አምስተኛው ደግሞ ዝምድናው ከሁለቱም ወገን አንድ መሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ እኔ ያንተ «ከዝን» ከሆንሁ አንተም የእኔ «ከዝን» ነህ። ቃሉ በዚህ በኩል «ጐረቤት» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋራ ይመሳሰላል። በቻይንኛ ግን አንዱ «ቢያው ገ» ሲሆን ሌላው የግድ «ቢያው ዲ» ወይም «ቢያው ሜይ» ይሆናል፤ ሁለት ዘመዶች በአንድ ስም ሊጠራሩ አይችሉም። ስለዚህ ተማሪው ታላቅነትንና ታናሽነትን ሳይናገር ሲቀር አንድ ነገር ያጐደለ ስለሚመስለው፣ «የእኔ ታላቅ፣ ወንድ፣ በእናቴ በኩል የሆነው ከዝን» የሚል ረዥም ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ ይናገራል። አነጋገሩ ከሰዋስው ሕግ ባይወጣም፣ የሚሰማው እንግሊዝ ግን ይህ ሁሉ የተዘረዘረው ለምን ይሆን ብሎ ይደነቃል።

፬. በትርጕም ሥራ የሚደርሰው ችግር

የቃሉ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በትርጕም ሥራ ነው። ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ነገሩ ይጠፋል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ ሲተረጐም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ከተርጓሚው ይፈለጋል።

ለመጀመሪያው ምሳሌ የምናደርገው «የቀዩ እልፍኝ ሕልም» የተባለውን፣ ትሳው ሽዌቺን በ18ኛው መቶ ዓመት የጻፈውንና በ1791 ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የወጣውን ታላቅ ልብ ወለድ ነው። ዋናው ሰው ጅያ ባውዩ በሁለት ልጃገረዶች መካከል የቆመ ወጣት ነው። አንደኛዋ ሊን ዳይዩ የአባቱ እኅት ልጅ ናት፤ ሁለተኛዋ ሽዌ ባውቻይ የእናቱ እኅት ልጅ ናት። እንግዲህ ሁለቱም «ቢያው» ናቸው፤ ሁለቱም ሊያገባቸው የሚችል ናቸው። በዚያው ግቢ የሚኖሩት የአባቱ ወንድም ልጆች ግን «ታንግ» ስለ ሆኑ ለጋብቻ አይታሰቡም። የቻይና አንባቢ ይህን ሁሉ ከስማቸው ብቻ ይረዳል። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ከዝን» ሲላቸው ግን፣ አንባቢው ባውዩ ከእነዚያ ሁሉ ዘመዶቹ መካከል ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ለምን እንደሚታሰብ ከቃሉ ሊያገኝ አይችልም።

ለሁለተኛው ምሳሌ የሚሆነን ጄን ኦስተን በ1813 ያሳተመችው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሚስተር ቤኔት አምስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የለውም። ርስቱ በወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ሲሞት የሚወርሰው ሚስተር ኮሊንስ የተባለ ዘመዱ ነው። ይህ ሰው ለአባትየው «ከዝን» ተብሏል፤ ለልጆቹም እንዲሁ «ከዝን» ተብሏል። ቀጥሎም ሁለተኛዪቱን ልጅ ኤልሳቤጥን ለጋብቻ ይጠይቃታል።

ወደ ቻይንኛ የሚተረጕመው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሦስቱን ጥያቄዎች ማንሣቱ አይቀርም። ጾታውና ዕድሜው አያስቸግሩም፤ ኮሊንስ የ25 ዓመት ወንድ፣ ኤልሳቤጥ የ20 ዓመት ልጃገረድ መሆናቸውን መጽሐፉ ይናገራል። የቀረው ወገኑ ነው። ርስቱ በወንድ ወራሽ የሚሄድ ከሆነ «ታንግ» ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን የቤተ ሰቡ ስም ኮሊንስ እንጂ ቤኔት አይደለም፤ ስለዚህ «ቢያው» መሆን አለበት። ከዚህም ጋራ ተርጓሚው «ታንግ» ብሎ ቢጽፍ፣ የቻይና አንባቢ ሰውየው ኤልሳቤጥን ለጋብቻ ሲጠይቃት እንደ ነውረኛ ይቈጥረዋል፤ ደራሲዋ ግን በሰውየው ላይ ልታስቀን እንጂ በነውር ልትከሰው አልፈለገችም። ደግሞም ኮሊንስ ከአባትየው ትውልድ ነው ቢባል፣ ለኤልሳቤጥ «ቢያው ሹ» ማለትም አጎት ይሆንባታል፤ ይህም ጋብቻውን ከሥርዓት ያወጣዋል። የእንግሊዝኛው ቃል በአባትና በልጅ መካከል ያለውን የትውልድ ልዩነት ሳይናገር ማለፉ ለደራሲዋ ተመችቷት ነበር፤ ተርጓሚው ግን እርስዋ ያለፈችውን ጥያቄ የግድ መመለስ አለበት። እንግዲህ በአንድ ፊደል ምርጫ የአንድ ምዕራፍ መንፈስ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

፭. በሕግና በኑሮ የመጣው ለውጥ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ልማዱ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ቃላቱ የቆሙበት መሠረት ራሱ ተናውጧል። የ1950ው የቻይና የጋብቻ ሕግ የእነዚህን ዘመዶች ጋብቻ ለየአገሩ ልማድ ትቶት ነበር። በ1980 የወጣው ሕግ ግን እስከ ሦስት ትውልድ የሚደርሱ የሥጋ ዘመዶች ሁሉ እንዳይጋቡ ከለከለ፤ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል። ስለዚህ በሕግ ፊት ዛሬ «ታንግ» እና «ቢያው» እኩል ሆነዋል፤ ሕጉ እንደ «ከዝን» አንድ አድርጎ ይመለከታቸዋል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ የወሊድን ቍጥር ይመለከታል። ከ1980 ገደማ ጀምሮ እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ መንግሥቱ አንድ ቤተ ሰብ አንድ ልጅ ብቻ እንዲወልድ ይገድብ ነበር። በገጠርና በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ሁለተኛ ልጅ ይፈቀድ ስለ ነበረ ሕጉ በሁሉ ላይ እኩል አልሠራም፤ በከተማ ግን በጥብቅ ይፈጸም ነበር። የዚህ ውጤት በሁለት ደረጃ ታየ። በመጀመሪያው ትውልድ ልጁ ወንድምና እኅት ስላልነበረው፣ የአጎቱና የአክስቱ ልጆች በእነርሱ ቦታ ተተኩ፤ «ገገ» ወይም «ሜይሜይ» ብሎ የሚጠራው እነርሱን ብቻ ሆነ። ከላይ በመጀመሪያው ስሕተት የተናገርነው «ብራዘር» የሚለው አነጋገር የተጠናከረውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። በሁለተኛው ትውልድ ግን ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። አባቱም እናቱም ወንድምና እኅት ያልነበራቸው ልጅ አጎትም አክስትም የለውም፤ አጎትና አክስት ከሌለውም «ታንግ» ወይም «ቢያው» የሚለው ሰው አይኖረውም። ስምንቱን ስሞች ከአያቶቹ ሊማር ይችላል፤ የሚጠራበት ሰው ግን በቤቱ የለም። ቃል ከመዝገበ ቃላት ሳይጠፋ ከቤት ሊጠፋ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

እንዲህ ላለው ልጅ «ከዝን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማስተማር ቀድሞ ከነበረው ሥራ ይለያል። ለአያቱ ትውልድ ችግሩ ስምንቱን ወደ አንድ መሰብሰብ ነበር። ለእርሱ ግን ስምንቱም አንዱም በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃቸው ስሞች ሆነው ይቀራሉ።

፮. ከአማርኛ ጋራ ሲወዳደር

አማርኛ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል እንደሚገኝ በመግቢያችን ተናግረናል። እኛ «የአጎት ልጅ» እና «የአክስት ልጅ» ስንል የወላጃችን ወንድም ወይም እኅት መሆኑን እንለያለን፤ የአባት ወይም የእናት ወገን መሆኑን ግን ካልጨመርንበት በቀር አንለይም። ቃላችን እንደ ቻይንኛው በአንድ ስም አልተጠቃለለም፤ በሁለት ቃላት የተዘረዘረ ነው። ጾታንም በስሙ ሳይሆን በግሡ እንናገራለን፤ «የአጎቴ ልጅ መጣ» ወይም «የአጎቴ ልጅ መጣች» ስንል ነገሩ ይታወቃል። እንግሊዝኛ በተውላጠ ስሙ፣ ቻይንኛ በስሙ፣ አማርኛም በግሡ አንዱን ነገር በየቦታው አስቀምጠውታል።

ወገን መለየት ለምን አላስፈለገንም ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ ምክንያት የጋብቻ ልማዳችን ሊሆን ይችላል። በብዙው የክርስቲያን አገራችን ልማድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባት የተከለከለ ነው፤ ሰባቱም ቤት የሚቈጠረው በአባትም በእናትም በኩል ነው። የአጎት ልጅ በየትኛውም ወገን ቢሆን የማይገባ ስለ ሆነ፣ ለጋብቻ ሲባል በስም መለየቱ አላስፈለገም። በሌላ በኩል ደግሞ የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» ብሎ የማይጠራ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት የቻይናውያን ብቻ ሳይሆን የእኛም ጭምር ነው። በቻይናውያን ድርጅቶች ተሠርቶ በ2016 በተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ እንደ ታየው፣ ዛሬ የሁለቱ አገር ሰዎች በሥራ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ለሁለቱም ባዕድ በሆነው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ባለ ንግግር አንዱ «ማይ ብራዘር» ሲል ሌላው የየራሱን አገር ወንድም ይሰማል፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ እየተነጋገሩ ከእንግሊዞቹ ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት አጋጣሚ ይህ ነው።

፯. ለማስተማር የሚጠቅም አሳብ

ከዚህ ጥናት የምናገኘው ዋና ነገር፣ «ከዝን» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ትርጉም ብቻ ማስተማር እንደማይበቃ ነው። የእንግሊዝኛና የቻይንኛ መዝገበ ቃላት በቃሉ አንጻር ስምንቱን ስሞች ሲደረድር፣ ተማሪው ከእነርሱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። ስለዚህ አስተማሪው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ የተሻለ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ተማሪው የገዛ ዘመዶቹን በቻይንኛ ስማቸው ጽፎ ሁሉንም «ማይ ከዝን» በሚለው ሐረግ ይተካ፤ በዚህም ምን እንደ ተወ ይገነዘባል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ «ሂ» ወይም «ሺ» የሚለውን ጨምሮ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይሥራ፤ ጾታው የሚታወቀው ከዚያ ነውና። ሦስተኛ፣ ወገኑ ወይም ዕድሜው ለነገሩ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ «ኦን ማይ ፋዘርስ ሳይድ»፣ «ኦን ማይ ማዘርስ ሳይድ»፣ «ኦልደር» የሚሉትን ይጨምር። ርስት፣ ጋብቻ ወይም የመንግሥት ቅጽ ሲሆን ያስፈልጋል፤ ስለ እሑድ ምሳ ሲያወራ ግን አያስፈልግም። በመጨረሻም ዘመዱን ፊት ለፊት ሲጠራ በስሙ እንዲጠራው ይለማመድ።

ቻይናዊው ተማሪ ይህን ሲማር የራሱን ስምንት ስሞች መናቅ የለበትም። በስምንቱ ስሞች የአንድ ሕዝብ የኀዘን፣ የጋብቻና የርስት ሕግ ተጽፎባቸው ኖሯል፤ «ከዝን»ም የደረሰበት የደረሰው የሮማውያንን ሦስት ስሞች በመንገድ ጥሎ ነው። የባዕድን ቃል በሚገባ ማወቅ ማለት፣ ያ ቃል ምን እንደሚናገርና ምን ሳይናገር እንደሚያልፍ ለይቶ ማወቅ ነው። ከእኛ መካከል በአገራችን ቋንቋዎች የዝምድናን ስሞች የሚያጠና ተማሪ ቢነሣ፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ ጕራጊኛውንና ሌሎቹንም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች እየመረመረ እንዲያወዳድር አደራ እንላለን።